ካቴና ለጎማ

ከጣሊያንኛ ተነስተው ጋራዣችን የገቡ ቃላት ብዙ ናቸው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ጋቢና፣ ጎሚስታ፣ ካቦ፤ መካኒኩ አፉን በከፈተ ቁጥር ግማሹ ሮማ ነው። ካቴና ግን እኛ ጋ ሲደርስ ሥራ ቀየረ። አገሩ ላይ ማንኛውም ሰንሰለት ካቴና ነው፤ በረዶ ሲጥል ጎማ ላይ የሚጠመጠመውንም ጣሊያኖች በዚሁ ስም ይጠሩታል። እኛ ዘንድ ፖሊስ ጣቢያ ተቀጠረና የእጅ ብረት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ኮሎራዶ ውስጥ ትራክ የሚነዳ ሐበሻ ጎማውን አስሮ ተራራ እንዲወጣ ሲታዘዝ፣ ቋንቋው ውስጥ የተቀመጠው ፖሊስ “ጎማው ምን አጠፋ?” ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥፋቱ ደግሞ አለ። በረዶ ላይ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ታዝዞ ይቆማል፤ መኪናው ግን ጉዞውን ይቀጥላል። ለዚህ ጥፋት ሁለት መድኃኒት ይሸጣል። አንዱ ውድ፣ የሚያምርና ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣ ፎር ዊል ነው። ሌላው ርካሽ፣ አስቀያሚና ከረጢት ውስጥ የሚኖር፣ ጎማ ላይ የሚታሰር የብረት ገመድ፣ ካቦ ነው። ሰው የሚያምነው የመጀመሪያውን ነው። እኔ ለሁለተኛው እከራከራለሁ፤ የምከራከረውም ጎማ ስለሚያስይዝ ብቻ አይደለም፣ ስለሚያስጠላም ጭምር ነው።

ለፎር ዊል ያለን ፍቅር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከጭቃ ነው የመጣው። ሐምሌ ላይ ከአስፋልት በወጣ የገጠር መንገድ ላንድክሩዘር አውቶቡሱን፣ ቅጥቅጡንና አይሱዙውን ተራ በተራ ጭቃ ውስጥ እየተወ ሲያልፍ ያየ ሰው፣ አራቱም ጎማው የሚገፋ መኪና ቢያመልክ አይገርምም። የጭቃ ችግር መሄድ አለመቻል ነው፤ ለመሄድ ደግሞ ፎር ዊልን የሚያህል የለም። ልብ የማንለው ጭቃ አንድ ደግነት እንዳለው ነው፤ ማቆም ይችልበታል። እግርህን ከነዳጅ ላይ ካነሳህ ፍሬን ሳትነካ ራሱ ይዞ ያቆምሃል፤ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ያቆምሃል። በረዶ ይህ ደግነት የለውም። በረዶ ላይ መሄድ ግማሹ ችግር ነው፤ ትልቁ ግማሽ መቆም ነው። እኛ ደግሞ ጭቃ ላይ የተማርነውን ሃይማኖት ይዘን በረዶ ላይ እንሰብካለን። ቋንቋችንም ብዙ አይረዳንም፤ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ጥጥ የሚመስለውንም፣ አስፋልት ላይ ተጋግሮ መስታወት የሆነውንም “በረዶ” ብሎ በአንድ ስም ይጠራል። ለሾፌር ግን ሦስቱ ሦስት መንገድ ናቸው።

እስኪ ቁጥር እናንሳ። በሰዓት 50 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ በደንብ ከተያዘ 14 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ 50 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። መስታወት የሆነው ላይ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። ይህ ሜዳ ላይ ነው፤ ሾፌሩ እስኪነቃ ያለፈውንም አልቆጠርንም። አይ-70 የሚባለው አውራ ጎዳና ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ሮኪ ተራሮችን ሲያቋርጥ ግን ሜዳ አይደለም። የአይዘንሃወርን ዋሻ አልፎ ወደ ሲልቨርቶርን ሲወርድ ቁልቁለቱ 7 በመቶ ነው፤ በየመቶ ሜትሩ ሰባት ሜትር ይዘቀዘቃል። (ዋሻው 3,400 ሜትር ላይ ነው። የእንጦጦ ልጅ ከፍታው አያስደነግጠውም። የሚለየን ከፍታው ሳይሆን ከምድር ወገብ ያለን ርቀት ነው፤ እንጦጦ እንደ ኮሎራዶ ወደ ሰሜን ቢርቅ ኖሮ የሽሮሜዳ ነጋዴ ከጋቢ ጎን ሰንሰለት ይሸጥ ነበር።) አሁን ሁለት ፒክአፕ ያዙልኝ። ጎማቸው አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱን የሚገፉት የኋላ ጎማዎቹ ናቸው፣ ሌላው ፎር ዊል ነው። ሁለቱም 7 በመቶ ዳገት ላይ፣ መስታወት በሆነ በረዶ ላይ ቆመዋል። እንዲህ ያለ በረዶ ለጎማ የሚሰጠው ጉልበት ከተሸከመው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የመጀመሪያው ፒክአፕ በሚገፉት ጎማዎቹ ላይ ያለው ክብደት ቢበዛ ግማሹ ስለሆነ ከመቶ አምስት ያገኛል፤ ዳገቱ የሚጠይቀው ሰባት ነው። ስለዚህ ጎማው እያፏጨ እዚያው ይዞራል። ፎር ዊሉ ከመቶ አሥር ያገኛል፣ ለዳገቱ ሰባት ይከፍላል፣ ሦስት ይተርፈዋል፤ እጁን እያውለበለበ ይወጣል።

ከጫፉ ማዶ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ፍሬን በሁለቱም መኪኖች ላይ አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው፤ በዚህ በኩል ፎር ዊል ከጎረቤቱ በአንዲት ብሎን አይበልጥም። በረዶው አሁንም የሚሰጠው አሥር ነው፤ ቁልቁለቱ ሰባቱን ይወስዳል፤ ለማቆም የምትቀረው ሦስት ናት። ሽቅብ ያኮራችው ሦስት ቁልቁል ምን ታደርጋለች? በዚያችው በ50 ኪሎሜትር ፍጥነት የሚወርደውን ፒክአፕ ለማቆም ከ300 ሜትር በላይ መንገድ ትፈልጋለች። ሦስት የኳስ ሜዳ ሙሉ፣ ያውም ማንም ከፊቱ ካልገባበት። ዳገቱ ላይ የቀረው ምስኪን ግን ተሳድቦ፣ ተናዶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ጨው የሚበትነውን መኪና እየጠበቀ ነው። ከሁለቱ ዕድለኛው ማን እንደሆነ ማታ ላይ ነው የሚታወቀው።

ስለዚህ የፎር ዊል ጉድለት አለመሥራቱ አይደለም። እጅግ በደንብ መሥራቱ ነው። መንገድ ለሾፌር የሚናገርበት ቋንቋ አለው፤ ስትነሳ ጎማህ ከዞረ፣ ጅራትህ ወደ ጎን ከሸሸ “ዛሬ ደህና አይደለሁም” እያለህ ነው። ፎር ዊል ይህን ወሬ መሃል ላይ ያፍነዋል። ጋቢናው ይሞቃል፣ ሙዚቃው ይሄዳል፣ መሪው አይንቀጠቀጥም፣ ሾፌሩም መንገዱ ደህና ነው ብሎ ይደመድማል። መንገዱ መክፋቱን የሚያውቀው ፍሬን በያዘ ጊዜ ነው። ሆላንዳዊዎቹ የስፓይከር ወንድማማቾች በ1903 አራቱንም ጎማ በሞተር የሚያስነዳ መኪና ሲሠሩ ፍሬኑንም ለአራቱም ጎማ አድርገውለት ነበር፤ መግፋትና መያዝ እኩል መሆን እንዳለባቸው ገብቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን መግፋቱ ከኋላ በብረት ፊደል ተጽፎ ማስታወቂያ ሆነ፤ ስለ መያዙ መኪናው ላይ የሚጽፍ ጠፋ።

ወደ ካቦ እንምጣ። የአያቱን ታሪክ የጀመረው በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የካናስቶታ ነዋሪ የነበረው ሃሪ ዊድ ነው። የዘመኑ ሾፌሮች ጭቃና በረዶ ሲያስቸግራቸው ጎማቸው ላይ ገመድ ይጠመጥሙ ነበር፤ ዊድ ገመዱን በሰንሰለት ተክቶ በ1904 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ካቦ የዚያ ሰንሰለት ቀጭን የልጅ ልጅ ነው፤ የተፈተለ የብረት ገመድ፣ በላዩ ላይ እንደ ጨሌ የተሰኩ ትናንሽ የብረት ጥቅልሎች ያሉበት። ከሰንሰለት ይቀላል፣ በጎማና በፓራፋንጎ መካከል ጠባብ ክፍተት ያላት መኪና ውስጥም ይገባል፤ በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል፣ ክፉ በረዶ ላይም እንደ ሰንሰለት አይነክስም። ሥራው ግን አንድ ነው። ከጎማው ይልቅ እሱ ራሱ በረዶውን እየቧጠጠ ያንን ከመቶ አሥሩን ከፍ ያደርጋል። ከፍ የሚያደርገውም ለሽቅቡ ብቻ አይደለም፤ ለቁልቁሉና ለፍሬኑም ነው። ፎር ዊል ያለውን ለአራት ያከፋፍላል፣ ካቦ ያልነበረውን ይጨምራል። አከፋፋይና አምራች ሲጣሉ እኔ ከአምራቹ ጋር ነኝ።

አደራረጉን በቅርብ ላየው ሰው ካቦ የተሠራው ሰውን ለማዋረድ ይመስላል። መጀመሪያ ከመንገድ ወጥቶ መቆም፣ ከሞቀው ጋቢና መውረድ፣ ካርቶን አንጥፎ መንበርከክ ነው። ከረጢቱ ሲከፈት ከውስጡ የሚወጣው ነገር የሴት አያት የክር ኳስ ውስጥ ድመት የገባችበት ይመስላል። ይዘረጋል፤ ለስላሳው ወገን ወደ ጎማው ይዞራል፤ ከጎማው ጀርባ እጅ ሰዶ በማይታይ ቦታ የማይታይ መንጠቆ ማያያዝ ይመጣል። ጓንት ከተደረገ መንጠቆው አይያዝም፤ ጓንት ከወለቀ ጣቱ መንጠቆውን ይዞ ይቀራል። ከፊት ያለው መንጠቆ ይቀላል፤ በመጨረሻ ላስቲኩ ይወጠራል። ተጨረሰ ብሎ የሚነሳ አለ፤ አልተጨረሰም። ጥቂት መቶ ሜትር ተነድቶ እንደገና መቆም፣ እንደገና መውረድ፣ የላላውን ማጥበቅ አለ። ይህን ያላደረገ ሰው የላላው ጫፍ ፓራፋንጎውን “ጧ! ጧ!” እያለ ሲገርፈው ይሰማል፤ ገርፎ ገርፎም የፍሬን ቱቦ ሊበጥስ ይችላል። የጎማው ልክ ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ ካቦውም በዚያው ልክ ነው የሚገዛው፤ ጎማ ቀይሮ የድሮውን ካቦ ይዞ የሚዞር ሰው የወንድሙን ጫማ ይዞ ለሠርግ እንደሚሄድ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ለዚህ ቀን ብለው የተረቱት ይመስላል። ጥቅምት ላይ በደረቅ ቀን፣ በብርሃን፣ ቤቱ በር ላይ አንዴ ያልሞከረው ሰው ጥር ላይ በጨለማ የመመሪያውን ወረቀት በእጅ ስልክ መብራት ያነባል።

ይህ ሁሉ ውርደት ለእኔ ጉድለቱ አይደለም፤ ግማሽ ጥቅሙ ነው። የተንበረከከ ሰው በረዶውን በእጁ ነክቶታል፤ ምን ላይ እንደሚሄድ ማንም አይነግረውም። ካቦ ያደረገ መኪና በሰዓት ከ50 ኪሎሜትር ገደማ በላይ አይነዳም፤ ቢነዳ ካቦው ይበጠሳል። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጋቢናው ይጮሃል፣ ከጎን የተቀመጠው ሰው ወሬ ያቆማል። ፎር ዊል ያፈነውን የመንገዱን ወሬ ካቦ በድምፅ ማጉያ ያሰማል። አገር ቤት የጭነት መኪና ረዳት አለው፤ ዳገት ላይ ሲቆም ከላይ ዘሎ ታኮ ጎማ ሥር የሚወረውረው እሱ ነው። ሾፌሩ መሪ እንደያዘ መንገዱን በረዳቱ እግር ይረግጣል። አሜሪካ ውስጥ ረዳት የለም፤ ሾፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ ከዴንቨር ሶልትሌክ ሊደርስ ይችላል። ካቦ ነው ሾፌሩን ለአሥራ አምስት ደቂቃ ረዳት የሚያደርገው።

አሁን የሚከራከረኝ ሰው ሕግ ይዞ ይመጣል። የኮሎራዶ ሕግ፣ ኮድ 16 የሚባለው ሲታወጅ እንኳ፣ ማንኛውም የቤት መኪና ሰንሰለት ወይም ምትኩን ያድርግ ይልና፣ የጎማው ጥርስ 5 ሚሊሜትር ያህል የቀረለትን ፎር ዊል ነጻ ያወጣዋል። መንግሥት ያመነውን አንተ ማን ሆነህ ትጠረጥራለህ? እውነት ነው፤ ግን ሕጉ የሚፈራውን ከቅጣቱ እንይ። ተገቢው ጎማ ወይም ሰንሰለት ሳይኖረው የተገኘ ከ130 ዶላር በላይ ይቀጣል፤ በዚሁ ምክንያት መንገዱን የዘጋ ደግሞ ከ650 ዶላር በላይ። አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። የሕጉ ሕመም አንተ መጎዳትህ ሳይሆን ከኋላህ የተሰለፈው መኪና ነው። ዳገት ላይ የማይቀር መኪና ለሕጉ ጥሩ መኪና ነው፤ ፎር ዊል ደግሞ አይቀርም። ካሊፎርኒያ በዶነር ማለፊያ ከዚህ ትንሽ ጠንቀቅ ይላል። አር-2 በሚባለው ደረጃ አራት የበረዶ ጎማ ያለውን ፎር ዊል ያሳልፋል፣ ግን ሰንሰለቱን ይዞ እንዲሄድ ያስገድደዋል፤ አምንሃለሁ፣ መያዣ ግን አምጣ እንደማለት። አር-3 ሲመጣ ሰንሰለት ሳያስር ማንም አያልፍም። ዋሽንግተን ክፍለ ግዛትም ከሲያትል በላይ ስኖኳልሚ ላይ ተመሳሳይ ልማድ አለው፤ “ሁሉም መኪና” የሚል ማስታወቂያ ከበራ ፎር ዊልነት አይቆጠርም። ሦስቱን ክፍለ ግዛቶች ጎን ለጎን ሲያዩአቸው እምነታቸው በረዶው በከፋ ቁጥር ወደ ብረቱ ያዘነብላል።

በትልቁ ትራክ ላይ ክርክሩ ራሱ የለም። አሥራ ስምንት ጎማ ሲባል ሰው ጉልበቱን በጎማ ብዛት ይገምታል፤ ሞተሩ የሚያዞረው ግን ብዙውን ጊዜ ስምንቱን ብቻ ነው፤ አሥሩ ተከታይ ናቸው። ሙሉ ጭነት ሲይዝ 36 ቶን ይደርሳል፤ ባዶውን ሲመለስ ደግሞ ጎማው የሚጫነው ክብደት ያጣና የባሰ ይንሸራተታል። በዴንቨርና በአውሮራ ያለው ሐበሻ ሾፌር ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ሰንሰለቱን ጋቢናው ጀርባ ሰቅሎ ነው የሚዞረው። ኮሎራዶ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ-70 ላይ ከማይል 259 በስተምዕራብ እንዲይዝ ያስገድደዋል፤ ትዕዛዙ ሲወጣ ከገፊ ጎማዎቹ አራቱን ያስራል። ሳያስር የተገኘ 500 ዶላር፣ መንገድ የዘጋ 1,000 ዶላር፣ ተጨማሪው ክፍያ ሳይቆጠር። ለፒክአፕ የሚበቃው ቀጭን ካቦ እዚህ አይበቃም። ታዲያ ኑሮውን በመንገድ ላይ የመሠረተ ሰው በብረት ሲያምን፣ ቅዳሜና እሁድ ለሽርሽር የሚወጣው በፎር ዊል ፊደል ማመኑ ትንሽ ሊያሳስበን ይገባል።

ሌሎች ተከራካሪዎችም አሉኝ፤ ከእነርሱ ጠንካራው የጎማ ነጋዴው ነው። የበረዶ ጎማ ግዛ፣ ካቦ አያስፈልግህም ይላል። ግማሹን እቀበላለሁ። ተራ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ ይሄዳል፣ የበረዶ ጎማ ግን ልስላሴውን አያጣም፤ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ሰው ከካቦም ከፎር ዊልም በፊት ጎማውን ይግዛ። ግን ጎማ ለአብዛኛው ቀን ነው፤ ካቦ ለዚያ ጎማው ለማይበቃበት አንድ ቀን። በነገራችን ላይ ያ ቀን ሁልጊዜ እጅግ የቀዘቀዘው ቀን አይደለም። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ላዩ የሚያልበው በረዶ ከዜሮ በታች 20 ላይ ካለው ይበልጥ ያንሸራትታል፤ ፀሐይ ወጣ ብሎ ልብ የሚያሞቅ ቀን ነው አደገኛው። ሁለተኛው ተከራካሪ ኤሌክትሮኒክሱን ይጠራል። ኤቢኤስ ፍሬን ይዘህም መሪ እንድታዞር ያስችልሃል፤ የሌለውን መያዣ ግን አይፈጥርም፤ እንዲያውም ልቅ በረዶ ላይ መቆሚያውን ሊያረዝመው ይችላል። ሦስተኛው በዝቅተኛ ማርሽ ስትወርድ ፎር ዊል የሞተሩን መያዝ ለአራቱም ጎማ ያካፍላል ይላል። ይህ እውነት ነው፣ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ለማውረድም ይረዳል፤ ግን የሚካፈለው ያው ከመቶ አሥሩ ነው። በካቦ ላይ የሚቀርበው ክስ ደግሞ ደረቅ አስፋልት ላይ ራሱንም ጎማውንም መንገዱንም ይበላል የሚል ነው። ይበላል። ስለዚህ አስፋልቱ ሲታይ ይፈታል። የዕቃ መጫኛው ባዶ የሆነ ፒክአፕ ፎር ዊል አስገብቶ ደረቅ መንገድ ላይ ቢታጠፍም እኮ የፊትና የኋላ ጎማው እኩል መንገድ ስለማይሄድ ጥርሱ ይታኘካል፤ ያን ማንም አይከሰውም።

አንድ ጥያቄ ግን በካቦ ወገን ሆኜም አላልፈውም፤ ፎር ዊል ያለው ሰው ሁለት ካቦ ብቻ ቢይዝ የት ያድርገው? ፊት ብቻ ካደረገ ቁልቁለት ላይ ፊቱ ሲያዝ ጅራቱ ሊቀድመው ይችላል። ኋላ ብቻ ካደረገ መሪው ሲዞር ፊቱ ዝም ብሎ ሊሄድ ይችላል። የመኪናው መጽሐፍ አንዱን መርጦ ይናገራል፤ የዚያን ቃል መስማት ነው፤ የሚችል አራቱንም ያስር። ያኔ ፎር ዊልና ካቦ ታርቀው አብረው ይሠራሉ፤ እኔም ክርክሬን ለጊዜው አቆማለሁ።

ካቦው ሲፈታ ሌላ ሥራ አለው። ጨውና ጭቃ የጠጣ ብረት ከነርጥበቱ ከረጢት ውስጥ ከታጨቀ በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣው ዝገት ነው፤ ታጥቦ፣ ተሰቅሎ፣ ደርቆ ነው የሚገባው። በረንዳ ላይ ከልጆች ልብስ ጎን የተሰቀለ ካቦ ሲያይ የሚስቅ ጎረቤት አይጠፋም። ሜይ 31 የእኛ ግንቦት 23 ነው። የግንቦት ልደታ ንፍሮ ተበልቶ ሦስት ሳምንት ሞልቶታል፤ የትራኩ ሾፌር ግን ሰንሰለቱን ገና ከጋቢናው ጀርባ አላወረደም፤ ካወረደም በነሐሴ 26፣ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ፣ መልሶ ይሰቅለዋል።